«እስላም»፣ «ነጋዴ»፣ «ጀበርቲ»፣ «ሙስሊም»፦ የመጠሪያዎቻችን ታሪክና የዕለት ተዕለት አጠቃቀማቸው

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት የወሎ ከተማ በተደረገ የኒካሕ ሥነ ሥርዓት ላይ ተገኝቼ ነበር። የልጅቱ አባት ዕድሜያቸው ከሰባ የዘለለ ገበሬ ናቸው። ወልይ ሆነው ቃል እንዲሰጡ ሲጠየቁ፣ «ልጄን ለእስላም ልጅ፣ በእስላም ደንብ ድሬያለሁ» አሉ። ወጣቱ ኢማም ንግግራቸውን አቋርጠው፣ «አባባ፣ እስላም ሃይማኖቱ ነው፤ ሰውየው ሙስሊም ነው የሚባለው» ሲሉ አረሟቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉና፣ «እሺ ሼሃችን፤ እኛማ እስላም ነን ስንል ነው የኖርነው» ብለው መለሱ። ኒካሑ ታሰረ፤ ዱዓ ተደረገ፤ ነገሩም በዚያው አለፈ። እኔ ግን የሽማግሌው ፊት ከዓይኔ ሊጠፋ አልቻለም። ሰባ ዓመት ሙሉ የሰገዱ፣ የጾሙ፣ ልጆቻቸውን ቁርኣን ያስቀሩ ሰው፣ የራሳቸውን መጠሪያ እንኳ በትክክል እንደማያውቁ በጎረቤታቸው ፊት ተነግሯቸዋል።

ይህ እርማት ዛሬ በብዙ መስጊዶችና መድረሳዎች የተለመደ ነው። እኔም በወጣትነቴ፣ ከደረሳነት ወጥቼ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ሰሞን፣ አያቴን በዚሁ ቃል ከአንድ ጊዜ በላይ ማረሜን አልክድም። ስለዚህ የሚከተለው ጽሑፍ ሌላውን ለመውቀስ የተጻፈ ሳይሆን፣ ያኔ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ብዬ የምመኘውን ጥያቄ ዘግይቶ ማንሳት ነው፦ «እስላም» የሚለው የአማርኛ ቃል ስሕተት ነውን? ስሕተት ካልሆነስ ከየት መጣ? ከእርሱ ጋር በአንድ ዘመን የነበሩት ሌሎች መጠሪያዎች፣ «ነጋዴ»ና «ጀበርቲ»፣ ምን ይሉን ነበር? «ሙስሊም» የሚለውስ እንዴት ሌሎቹን ሁሉ ገፍቶ ቦታቸውን ያዘ?

ወጣቱ ኢማም ያሉት በዐረብኛው ሰዋስው መሠረት ልክ ነው። «ኢስላም» የ«አስለመ» መስደር ነው፤ ድርጊቱን፣ ማለትም ራስን ለአላህ መስጠትን ይሰይማል። «ሙስሊም» ደግሞ ኢስሙል ፋዒል ነው፤ ድርጊቱን የፈጸመውን ሰው ይሰይማል። በሐዲሰ ጂብሪል መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ኢስላም ሲጠየቁ የመለሱት ሥራዎችን በመዘርዘር እንጂ ሰዎችን በመጥቀስ አልነበረም። በሱረቱል ሑጁራት 14ኛው አንቀጽ ላይ በገጠር ዐረቦች ዘንድ በኢማንና በኢስላም መካከል የተደረገውን ልዩነት፣ በሱረቱል ሐጅ 78ኛው አንቀጽ ላይም አላህ ምእመናኑን «ሙስሊሞች» ብሎ መሰየሙን ማንም ደረሳ ያውቀዋል። በዚህ ላይ ክርክር የለም።

ክርክሩ የሚጀምረው የዐረብኛው ደንብ አማርኛውንም ይገዛል ወይ ሲባል ነው። አማርኛ ቃሉን ከተቀበለ በኋላ በራሱ ሥርዓት አሳድሮታልና። በአማርኛ «እስላም» ሰው ነው፤ ሲበዛ «እስላሞች»፣ ለሴት «እስላሚቱ» ይባላል። ታዲያ ሃይማኖቱ ምን ተባለ? «እስልምና»። ይህች «እስልምና» የምትባል ቃል፣ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፣ በዐረብኛ የለችም። አማርኛ ራሱ የቀረጻት ናት፤ የተቀረጸችበትም ቅርጽ የታወቀ ነው። ከክርስቲያን ክርስትና፣ ከዲያቆን ድቁና፣ ከቄስ ቅስና፣ ከመነኩሴ ምንኩስና ይወጣል። በእነዚህ ሁሉ መነሻው ሰው ነው፤ ከሰውየው ስም የሰውየው ሁኔታ ወይም ማዕረግ ይመነጫል። እንግዲህ «እስልምና» የምትባለው ቃል በዚህ ቅርጽ ልትፈጠር የቻለችው «እስላም» ከዚያ አስቀድሞ የሰው መጠሪያ ሆኖ ስለቆየ ነው። «እስላም» የሃይማኖቱ ስም ሆኖ ቢቀር ኖሮ «እስልምና» ለምን ታስፈልግ ነበር?

ግሱም ይህንኑ ይመሰክራል። በዐረብኛ «አስለመ» ማለት ራሱ እስልምናን ተቀበለ ማለት ነው። በአማርኛ ግን በግስ ፊት የሚገባው «አ» አብዛኛውን ጊዜ ሌላውን ማስደረግን ያመለክታል፤ በላ፣ አበላ፤ ገባ፣ አገባ እንደሚባለው። ስለዚህ አማርኛ ቃሉን ለሁለት ከፈለው፤ ራሱ የተቀበለው «ሰለመ» ተባለ፣ ሌላውን ያስገባው «አሰለመ» ተባለ። ይህንን ያደረገ አንድም የሰዋስው ሊቅ የለም። በገበያ፣ በማሳ፣ በሐድራና በለቅሶ ቤት የሚነጋገር ሕዝብ በዘመናት ሂደት ያደረገው ነው። አንድ ቋንቋ ቃልን እስከ ግሱ ድረስ እንዲህ ካዋሐደው በኋላ ቃሉን የእንግዳ ቃል አድርጎ በእንግዳ ሕግ መዳኘት ከባድ ነው።

ይህም የእኛ ብቻ ልዩ ጠባይ አይደለም። በስዋሂሊ ሰውየው «ምዊስላሙ»፣ ሃይማኖቱ «ኡኢስላሙ» ይባላል፤ ልክ እንደ አማርኛው ሁለቱም ከ«ኢስላም» የተገኙ ናቸው። በማላይ ቋንቋ ሙስሊምን «ኦራንግ ኢስላም»፣ በቀጥታ ሲፈታ «የኢስላም ሰው» ይሉታል። ፋርሶች «ሙሰልማን»፣ ቱርኮች «ሙስሉማን» ይላሉ፤ ይህ ቅርጽ በዐረብኛ ሰርፍ ሚዛን ላይ የሚቀመጥ አይደለም፤ ነገር ግን በእነዚህ ቋንቋዎች ለዘመናት ተፍሲር ተጽፎባቸዋል፣ ፊቅህ ተምሮባቸዋል። ከጎረቤታችን ትግርኛም «ኣስላማይ» የሚለው ለሰውየው፣ «ምስልምና» የሚለው ለሃይማኖቱ ነው። ኢስታንቡል ላይ ሽማግሌውን «ሙስሉማን አትበል» የሚል ኢማም እስካሁን አልገጠመኝም።

ከዚህም አልፎ ነገሩ በዐረብኛው ራሱ ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይደለም። አልፊያን የቀራ ሁሉ በነዕት ምዕራፍ ኢብን ማሊክ ሰውን በመስደር ስለመግለጽ የተናገሩትን ያስታውሳል። ፍትሐዊ ሰው ለማለት «ረጁሉን ዐድሉን» ይባላል፤ «ዐድል» መስደር ሆኖ ሳለ የሰውየው መግለጫ ይሆናል። ሌላም አለ። የዐረብ ታሪክ ጸሐፍት «ቢላዱል ኢስላም»፣ «ሙሉኩል ኢስላም» ሲሉ የእምነቱን አስተምህሮ ብቻ ሳይሆን የእምነቱን ሕዝብ ማለታቸው ነው። ግብፃዊው ሊቅ አል-መቅሪዚ (1364–1442 እ.ኤ.አ.) ስለ አገራችን የሙስሊም ሡልጣኔቶች የጻፉትን አነስተኛ መጽሐፍ ሲሰይሙ በሐበሻ ምድር ስላሉ «የኢስላም ነገሥታት» ዜና ብለዋል። የአማርኛው «እስላም» የመጣው ከሰዋስው መምህራን ሳይሆን ከዚህ ዓይነቱ የጅምላ አጠራር ነው የሚል ግምት አለኝ፤ «የእስላም አገር»፣ «የእስላም ሕዝብ» ሲባል ቆይቶ ቃሉ ከሕዝቡ ወደ ግለሰቡ ወረደ። ግምት ነው፤ ከሌሎቹ ግምቶች ግን የሚሻል ይመስለኛል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንምጣ። መጠሪያ ሁሉ ከአንድ ወገን አይመጣም። ሰው ራሱን የሚጠራበት አለ፤ ጎረቤቱ የሚጠራው አለ፤ መንግሥት የሚጽፈው አለ፤ ባሕር ማዶ ያለው የሚለየው አለ። በኢትዮጵያ ሙስሊሞች ታሪክ እነዚህ አራቱም ይገኛሉ፤ የየራሳቸውም ቃል አላቸው።

በግእዝ ጽሑፎች ሙስሊሞች ከሚጠሩባቸው ቃላት አንዱ «ተንባላት» ነው። «ተንባል» በግእዝ መልእክተኛ፣ አማላጅ ማለት ነው፤ ቃሉ በሰላም ጊዜ የተከበረ ቃል ነው። በዜና መዋዕሎች ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በጦርነት ትረካ መካከል ነው። የቃሉ የመጀመሪያ ትርጉም በዘመኑ አንባቢ ጆሮ ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ መናገር ባይቻልም፣ የጠላት ስም ሆኖ የተጻፈው ቃል በራሱ ፍች «አማላጅ» መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ይህ የደብተራዎች ቃል ነበር፤ ወደ ሕዝቡ አፍ አልወረደም።

ወደ ሕዝቡ አፍ የወረደው «እስላም» ነው፤ ለዚህም የቦታ ስሞች ይመሰክራሉ። አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1668 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ ባደረጉት ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። የሙስሊሞቹ ሠፈር «እስላም ቤት» ተባለ፤ በኋላ «አዲስ ዓለም» በሚለው ስም ታወቀ። ስሙ የመለያየት ውጤት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በተመሳሳይ ቃል የተጠራ ሌላ ቦታ አለ፤ ከመቅደላ አምባ ሥር ያለው «እስላምጌ» የሚባለው ሜዳ። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላው ጦርነት ጋር የተያያዙ የውጭ ሰዎች ማስታወሻዎች ይህን ስም ደጋግመው ያነሡታል። «ጌ» በጥንቱ አማርኛ ምድር፣ አገር ማለት ነው። ሐረሪዎች ከተማቸውን «ጌይ»፣ ቋንቋቸውን «ጌይ ሲናን» የሚሉት ከዚሁ ዘመድ ቃል ነው። እንግዲህ «እስላምጌ» ማለት የእስላም አገር ማለት ነው። ይህችን ቃል አንባቢ ለጊዜው በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

«ነጋዴ» የሚለው መጠሪያ ታሪክ ከሌሎቹ ይልቅ ኑሮን ያሳያል። በሰሜኑ አገር ሙስሊሙ ርስት የመያዝ መብቱ የተነፈገ ወይም የተገደበ ስለነበር፣ መተዳደሪያው ንግድና የእጅ ሥራ፣ በተለይም ሽመና ሆነ። በጎንደር፣ በደሪጣ፣ በጎጃም የባሶ ገበያ አጠገብ ባለችው በየጁቤ የሰፈሩት ሙስሊም ነጋዴዎች ከምጽዋ እስከ ጊቤ ማዶ የሚዘልቀውን የሲራራ መንገድ ይዘው ነበር። ከዚህ የተነሣ በብዙ ቦታ «ነጋዴ» የሥራ ስም መሆኑ ቀርቶ የእምነት ስም ሆነ። በከፋ ሙስሊሞች «ነጋዶ» ይባሉ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሊሙ፣ በጅማ፣ በጎማ፣ በጉማና በጌራ እስልምና ሲስፋፋ ከተሸካሚዎቹ መካከል እነዚሁ ሲራራ ነጋዴዎች ዋነኞቹ ነበሩ። በጭነታቸው መካከል ኪታብ ነበር፤ ከአጠገባቸውም ሼህና ደረሳ ይጓዙ ነበር።

በዚህ ላይ ለታሪክ መምህራን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በቆዩ ሰነዶች ውስጥ «ነጋዴ» የሚል ቃል ሲገኝ ሁሉንም ጊዜ በሥራው ብቻ መተርጎም ያሳስታል። አንድ መንደር «የነጋዴ መንደር» ከተባለ በመንደሩ ውስጥ የነበሩት ሸማኔዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቃሉ የሚነግረን የሚሸጡትን ሳይሆን የሚሰግዱ መሆናቸውን ነው። በአንጻሩ «ነጋድራስ» የሚለው ሹመት በምኒልክ ዘመን ማንኛውንም ሹም የሚይዝ የመንግሥት ማዕረግ ስለሆነ፣ ነጋድራስ ሁሉ ሙስሊም ነበር ማለት ደግሞ ተቃራኒው ስሕተት ነው፤ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ማስታወስ ይበቃል።

«ነጋዴ» ስድብ ነበርን? መልሱ በተናጋሪው ላይ የተንጠለጠለ ነው። ምድር ያለው ሰው ምድር የሌለውን «ነጋዴ» ሲለው ከሥራው ይልቅ እጦቱን ይጠራዋል። በሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ በመጥፎ ቅጽል መጠራራት የተከለከለው ቃሉ ውሸት ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ እውነት የሆነ ቃልም ሰውን ዝቅ ለማድረግ ከተነሣ ከክልከላው ውስጥ ይገባል።

«ጀበርቲ» የሚለው ግን በሌላ መንገድ የመጣ ነው፤ የባሕር ማዶ ስም ነው፤ ክብሩም ከዚያው የመጣ ነው። በመካከለኛው ዘመን የዐረብ ጸሐፍት ዘንድ «ጀበርት» የሚለው በዘይላዕና በኢፋት ወገን ያለ አገር መጠሪያ ነው። አል-ዑመሪ (በ749 ሂጅራ የሞቱ) የዘረዘሯቸው ሰባት የሙስሊም አገሮች፣ ኢፋት፣ ደዋሮ፣ አረባብኒ፣ ሐድያ፣ ሻርኻ፣ ባሊና ዳራ፣ በግብፅና በሻም በጅምላ «የዘይላዕ አገር» በሚል ስም ይታወቁ ነበር። ስለዚህ ከዚህ ምድር ወጥቶ ካይሮ የገባ ደረሳ ወይ «ዘይለዒ»፣ ወይ «ጀበርቲ» ይባላል። የሐነፊ ፊቅህን የሚያስተምሩ ሁሉ ሁለቱን ዘይለዒዎች ያውቋቸዋል፤ «ተብዪኑል ሐቃኢቅ»ን የጻፉት ፈኽሩዲን ዑስማን (በ743 ሂጅራ የሞቱ) እና የሐዲስ ምንጭ ፍለጋ ቁንጮ የሆነውን «ነስቡር ራያ»ን የጻፉት ጀማሉዲን ዐብደላህ (በ762 ሂጅራ የሞቱ)። በየመን ዘቢድ የተቀመጡት የተሰውፍ ሼህ እስማዒል አል-ጀበርቲ (በ806 ሂጅራ የሞቱ) ደግሞ ስሙን በቀይ ባሕር ማዶ አስከብረውታል።

በአዝሃር መስጊድ ለአገራችን ተማሪዎች የተለየው ማደሪያ «ሪዋቁል ጀበርት» ይባል ነበር። ከዚህ ሪዋቅ ሼሆች ወገን የተወለዱት ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753 ገደማ – 1825 እ.ኤ.አ.)፣ «ዐጃኢቡል አሳር» በሚባለው መጽሐፋቸው የአባታቸውን የሼህ ሐሰንን ሕይወት ሲተርኩ ስለ ጀበርት ሰዎች አስፍረዋል። አገራቸው በሐበሻው ንጉሥ፣ «በሐጢው» ሥር መሆኑን፣ በመዝሀብ ሐነፊና ሻፊዒ መሆናቸውን፣ በዝህድና በዲን ጽናት መታወቃቸውን፣ ለሐጅ በእግራቸው መምጣታቸውን፣ በመካ፣ በመዲናና በአዝሃር ሪዋቅ እንዳላቸው ይናገራሉ። ጸሐፊው ሐበሻን በዓይናቸው አላዩም፤ ቅድመ አያታቸው ከመጡ ብዙ ትውልድ አልፏል፤ ይሁንና ስሙን እንደ ጌጥ ይዘውታል። አገር ቤት «አገር የለውም» ይባል የነበረው ሰው ካይሮ ላይ በአገሩ ስም ተጠራ፤ በአገሩም ስም ማደሪያና ቀለብ ተሰጠው።

ስለ «ጀበርቲ» ሥረ መሠረት ብዙ ፍች ይሰጣል። አንዳንዱ ከዐረብኛው «ጀበረ»፣ የተሰበረውን ጠገነ፣ ያወጣዋል፤ ሌላው ከግእዙ «አግብርት»፣ ባሮች (የአላህ ባሮች ለማለት)፣ ያመጣዋል። ሁለቱም ደስ ይላሉ፤ ነገር ግን ቃሉ በቀደሙት ጽሑፎች የቦታ ስም ሆኖ መገኘቱ ሁለቱንም ያዳክማል። ለቦታ ስም ፍች መፈለግ ሁልጊዜ ያምረናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ስሙ ከእኛ ፍች ይቀድማል።

ስሙ ወደ አገር ቤት ሲመለስ ትርጉሙ ሰፋም ጠበበም። ሰፋ የምለው በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የሚኖር ማንኛውም ሙስሊም፣ በተለይም ነጋዴውና የሃይማኖት መምህሩ፣ «ጀበርቲ» መባል ስለጀመረ ነው። ጠበበ የምለው ደግሞ በትግራይና በኤርትራ ትግርኛ ተናጋሪ የሆነውን ሙስሊም ብቻ የሚለይ ስም እየሆነ ስለመጣ ነው፤ በኤርትራም ራሱን የቻለ ብሔር ነን የሚሉ ወገኖች አሉበት። በሶማሊዎች ዘንድም የዳሮድ ጎሣ የዘር ሐረጉን ወደ ዐብዱረሕማን ኢብን እስማዒል አል-ጀበርቲ ያደርሳል። አንድ ቃል በአንድ ቦታ የእምነት፣ በሌላው የቋንቋ፣ በሦስተኛው የዘር መለያ ሆነ ማለት ነው። በወሎ ገጠር ዛሬ ወጣቱን «ጀበርቲ ማነው?» ብትሉት ብዙውን ጊዜ ወደ ሰሜን ይጠቁማችኋል፤ አያቱ ግን በዚሁ ቃል ሳይጠሩ አልቀሩም።

ወደ «እስላም» እንመለስ። ወጣቶቻችን ቃሉን የሸሹት ስለ መስደርና ስለ ፋዒል ተጨንቀው ብቻ አይመስለኝም። በቃሉ ዙሪያ የተጠመጠመ ነገር ነበር። ሰማይ ምሰሶ እንደሌለው እስላምም አገር የለውም የሚለውን አባባል ያልሰማ የእኔ ትውልድ ሰው ጥቂት ነው። እንግዲህ «እስላምጌ»ን አስታውሱ። ይህን አባባል የሚናገረው ያው ቋንቋ፣ በመቅደላ ግርጌ የተዘረጋውን ሜዳ «የእስላም አገር» ብሎ ሰይሞታል። አባባሉ የአንድ ሥርዓት ፍላጎት ነው፤ የቦታ ስሙ ግን የነበረው እውነት ነው። የሚያሳዝነው አባባሉ በሁሉም አፍ ሲኖር የቦታውን ስም ግን የሚፈታው ማጣቱ ነው።

የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አጠራር ይህንኑ መንፈስ በለዘበ ቋንቋ ይዞት ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ሲያጸና፣ ሙስሊሙ በይፋ አነጋገር «በኢትዮጵያ የሚኖሩ» ከሚል ቅጽል ጋር ይጠራ ነበር። «የሚኖሩ» የሚለው ቃል በራሱ ምንም ክፋት የለበትም፤ እንግዳም ይኖራል፣ ባለቤትም ይኖራል። ነገር ግን ለባለቤት «የሚኖር» አይባልለትም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የወጣው፣ ክርስቲያን ወገኖችም የተቀላቀሉበት ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ ካነሣቸው ጉዳዮች ውስጥ በዓላቱ ይከበሩ፣ እኩልነት ይረጋገጥ የሚሉት ሲጠቀሱ፣ የአጠራሩ ጥያቄ እንደ ጥቃቅን ነገር ይታለፋል። ለእኔ ግን የጥያቄዎቹ ሁሉ ራስ ይመስለኛል፤ ሰልፈኛው «በኢትዮጵያ የምንኖር» ሳይሆን «የኢትዮጵያ» ነን አለ። አንድ «የ» የተባለ ፊደል የስንት ሰው ጥያቄ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ቀን በላይ የሚያስተምር የለም። ቀጥሎ የመጣው መንግሥት ዒደል ፊጥርን፣ ዒደል አድሓንና መውሊድን ብሔራዊ በዓላት አደረጋቸው።

«ሙስሊም» የሚለው ቃል በአማርኛ መሬት የያዘው በዚሁ ዘመን ዙሪያ ነው። ሼህ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ያዘጋጁት የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም በ1961 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ፤ በእነርሱ ስም የሚታወቀው ትርጉም ለሰውየው «ሙስሊም» የሚለውን፣ ለሃይማኖቱ «ኢስላም» የሚለውን ይዟል። ለቁርኣን ትርጉም ይህ ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ መለኮታዊውን ቃል በቅርቡ ማቆየት ያስፈልጋልና። ሆኖም በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመውና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ የመጀመሪያ ሊቀ መንበሩ የሆኑት ተቋም ስሙ «የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት» ሆነ። ያችው አማርኛ የወለዳት «እስልምና» በበሩ ላይ ተጻፈች፤ እስከ ዛሬም አለች። በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት ሲያገኝም አልተለወጠችም። ሁለቱን ቋንቋዎች ጠንቅቀው የሚያውቁ ዓሊሞች በሁለቱ አጠራሮች መካከል ቅራኔ አላዩም፤ አንዱን ለኪታቡ፣ ሌላውን ለሕዝቡ አዋሉት።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የኅትመት በር ሲከፈት፣ መድረሳዎች ሲስፋፉ፣ ከዐረብ አገር የተመለሱ መምህራንና ሠራተኞች ሲበዙ «ሙስሊም» አገሩን ሞላው። በልጅነቴ «የእስላም ምግብ ቤት» የሚሉ ሰሌዳዎች ነበሩ፤ ቀጥሎ «የሙስሊም ምግብ ቤት» ሆኑ፤ አሁን ብዙዎቹ «ሐላል» ብቻ ይላሉ። ሥጋው ያው ነው። «እስላም» ግን ከሰሌዳ ላይ ቢወርድም ከአፍ አልጠፋም። በገጠሩ፣ በዕድሜ በገፉት፣ ክርስቲያን ጎረቤትና ሙስሊም ጎረቤት ቡና ላይ ሲጨዋወቱ አሁንም ይኖራል። ያን ጊዜ የሚሰማው የስድብ ድምፅ ሳይሆን የቅርርብ ድምፅ ነው፤ «እኛ እስላሞቹ በዚህ ቀን አንበላም» ብላ ለጎረቤቷ የምትነግር እናት ራሷን ዝቅ አላደረገችም።

እኔ ራሴ ስጽፍም ስናገርም «ሙስሊም» እላለሁ። ወደፊት የሚጻፈው በዚሁ ቢጻፍ እመርጣለሁ፤ ለቁርኣናዊው ስም ቅርብ ነው፤ ከዚያ የድሮ አባባል ጥላም ነጻ ነው። የምቃወመው ሌላ ነገር ነው። ምርጫን ወደ እርማት፣ እርማትን ወደ ማሳፈር ማሻገርን እቃወማለሁ። ከሚንበር ላይ ቆሞ «እስላም ማለት ስሕተት ነው» ከማለት፣ «በዐረብኛ እንዲህ ነው፤ አባቶቻችን በአማርኛ እንዲህ ብለዋል» ማለት ለመምህሩም ቀላል፣ ለሽማግሌውም ክብር ነው።

ከሚንበሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ደግሞ መዝገቡ ነው። የሽማግሌዎችን ትዝታ በቃለ መጠይቅ የሚሰበስብ አንድ ተማሪ፣ በጽሑፍ የገለበጠውን እንድመለከትለት አምጥቶልኝ ነበር። ባለታሪኩ የሰማንያ ዓመት ሰው ናቸው። በገጾቹ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ሙስሊም» ይላሉ። ነገሩ ስላጠራጠረኝ የተቀዳውን ድምፅ እንዲያሰማኝ ጠየቅሁት። ሽማግሌው «ሙስሊም» ያሉት ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር። «ለምን ለወጥከው?» ስለው፣ «እንዳይሳቅባቸው ብዬ ነው» አለኝ። በቅን ልብ የተደረገ ነው። ድምፁን እንደገና ከመጀመሪያው አብረን አዳመጥነው፤ በየቃሉ ላይም ምልክት አደረግን። ሽማግሌው ስለ ራሳቸውና ስለ መንደራቸው ሲናገሩ «እስላም» ይላሉ። አባታቸው የመሬት ነገር አንሥተው ከባላባቱ ዘንድ የቀረቡበትን ቀን ሲተርኩ፣ በባላባቱ አፍ «ይህ ነጋዴ» ይላሉ፤ አባትየው ግን አንድም ቀን ነግደው አያውቁም፤ ሸማኔ ነበሩ። ወደ አዝሃር ሄደው ስለቀሩት አጎታቸው ሲያወሱ «ጀበርቲው» ይሏቸዋል። ሦስቱም «ሙስሊም» የሚሉት ቦታዎች የሚገኙት በመጨረሻው ገጽ፣ ስለ ልጅ ልጆቻቸው በሚያወሩበት ክፍል ነው። ተማሪው ጽሑፉን ወስዶ አራቱንም ቃላት ወደየቦታቸው መለሳቸው።